ቆዳውን ስታዩ ሌሊቱንም ጠይቁልን፦ ለጤና ሃላፊዎቻችንና ለወሎ ህዝብ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክልላችን ጤና ቢሮ፣ ለደቡብና ለሰሜን ወሎ የጤና መምሪያዎች፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ ጤና ሃላፊዎች፣ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ለምትለፉ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለመላው የወሎ ህዝብ

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ከረማችሁ።

እኔ ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሰራ ፋርማሲስት ነኝ። ስሜን ያልፃፍኩት የማወራው ስለሌላ ሰው ህመም ስለሆነ ነው፣ በኔ በኩል እነሱ እንዲታወቁ አልፈልግም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ቆዳው ለወራት የሚያሳክከው ሰው ወደናንተ ሲመጣ እባካችሁ ስለ እንቅልፉና ስለ መንፈሱ ጠይቁት፣ ጭንቀትና ድባቴ ይዞት የመጣውን ደሞ እጅጌውን ሰብሰብ አርጋችሁ ቆዳውን እዩለት። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ያሉ ነገሮች ናቸው፣ እኛ ጋ ግን ሁለት ካርድ፣ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ቀጠሮ ሆነው ቀርተዋል።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። መድኃኒት ቤት የሚሰራ ሰው ሀኪሙ የማያየውን ነገር ያያል። አንድ ሰው ከቆዳ ክፍል የተፃፈለትን ቅባትና የአለርጂ ኪኒን ይዞ ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ሰውዬ ከሌላ ቦታ ከሌላ ሀኪም የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት መድኃኒት አፅፎ ይመጣል። ሁለቱ ሀኪሞች አይተዋወቁም፣ አንዱ የፃፈውን ሌላው አያውቅም፣ ሁለቱ ወረቀት የሚገናኘው እኔ እጅ ላይ ነው። ይሄ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ክሎርፌኒራሚን የሚባለውን የአለርጂ ኪኒን ፅፎለት ሌላው አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት ከጨመረበት ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ሁለቱም አፍ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ፣ አዛውንት ከሆነ ደሞ ሌሊት ሲነሳ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊቀባዥርም ይችላል። እኔ ባየሁት ቁጥር ደውዬ አጣራለሁ፣ ስልክ ካልተነሳስ? በሽተኛው ደሞ የመጣበት መኪና እየሄደበት ነው።

ባለፈው ብርድ አንድ አባት መጡ፣ ከወረኢሉ በኩል ነው የመጡት፣ ጋቢ ደርበዋል። እያወሩኝ እያለ ባንደኛው እግራቸው ተረከዝ የሌላኛውን እግር ቁርጭምጭሚት ይፈትጋሉ፣ እያደረጉት መሆኑን የሚያውቁትም አይመስለኝም፣ እጃቸው ብር ይቆጥራል፣ አፋቸው ያወራል፣ እግራቸው ግን ስራውን አያቆምም። ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ያለው ቆዳ ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ መስመር መስመር አውጥቷል። ይሄ አመት ሙሉ ከማከክ ብዛት የሚመጣ ነው፣ ሰውነት ራሱን ለመከላከል ቆዳውን እያወፈረ ይሄዳል፣ የወፈረው ቆዳ ደሞ ይብስ ያሳክካል። ቅባቱን እየሰጠኋቸው "አባቴ እንቅልፍስ እንዴት ነው?" አልኳቸው። "ልጄ፣ የእግሬስ ይሁን፣ ሌሊቱ ነው ያቃተኝ። ሰው ሁሉ ተኝቶ እኔ ቁጭ ብዬ ስፎክት ይነጋል። አንዳንዴማ ምነው በወሰደኝ እላለሁ" አሉኝ። ለሀኪሙ ነግረውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "እሱማ እግሬን አየልኝ፣ ስለ ሌሊቱ ማን ጠየቀኝ" አሉ።

እኚህ አባት ሞት መመኘታቸውን የተናገሩት ለመድኃኒት ሻጭ ነው። ይሄ ነገር ከዛን ቀን ጀምሮ ከሀሳቤ አልወጣም፣ ደብዳቤውንም ያስፃፈኝ እሱ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ከህፃንነቱ ጀምሮ ችፌ አለበት (ፈቅዶልኝ ነው የምፅፈው)። እናታችን ማታ ማታ እጁ ላይ ካልሲ አጥልቃ በክር ታስርለት ነበር፣ ጠዋት ካልሲው በጥርሱ ወልቆ አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ ይገኛል። እኛ አንድ ክፍል ውስጥ የምናድር ልጆች ያን ድምፅ ለምደነው ነው ያደግነው፣ ክርክር ክርክር ክርክር እያለ የሚያድር ድምፅ። ትምህርት ቤት አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ፣ አስተማሪ እከክ መስሎት ወደ ቤት መለሰው፣ ካደገ በኋላም በኮምቦልቻ ሙቀት እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ለብሶ ነው ስራ የሚውለው። ሰርግ አይሄድም፣ ኳስ ትቷል፣ እጅ መጨባበጥ ይፈራል። አንድ ጊዜ በጣም ሲብስበት ይዤው ሄድኩ፣ የትኛው ተቋም እንደሆነ መናገር አልፈልግም፣ ምክንያቱም የአንድ ቦታ ችግር አይደለም። ቆዳ ክፍል ሲገባ ቅባት ተፃፈለትና "አታስብ፣ ሀሳብ ነው የሚያብሰው" ተባለ። እሺ ሀሳቡስ የት ይታከም ብለን የስነ አእምሮ ክፍል ስንሄድ ደሞ "ይሄ ቆዳ ነው፣ ቆዳው ሲድን ይተውሃል" ተባልን። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው የተናገሩት፣ ወንድሜ ግን ሁለት ግማሽ ይዞ ቤቱ ገባ፣ ከዛ በኋላ ሀኪም ቤት ለማለት ፈቃደኛ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ወሰደ።

አሁን ነገሩ ከስሩ እንዴት እንደሆነ እንደ ባለሙያም ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማሳከክን እንደ ቀላል ነገር ነው የሚያየው፣ ቁስል አይደለም፣ ስብራት አይደለም፣ ምን ይደረግልህ ይባላል። በህክምናው ከ6 ሳምንት በላይ የቆየ ማሳከክ ስር የሰደደ ይባላል። ችፌ አለ፣ ቆዳን አወፍሮ ነጭ ቅርፊት የሚያወጣው ሶሪያሲስ አለ፣ እየወጣ የሚጠፋ የአለርጂ ሽፍታ አለ፣ እነዚህ አመታት የሚቆዩ ናቸው። ከቆዳ ተነስተው መልእክቱን ወደ አንጎል የሚወስዱ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ስናክ በጥፍራችን የምንፈጥረው ትንሽ ህመም ያንን መልእክት ለጊዜው ያፍነዋል፣ አንጎልም የእርካታ ስሜት ይሰጠናል፣ ማከክ የሚጣፍጠው ለዛ ነው። እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም ይላል ያገራችን ሰው፣ ለአንድ ቀን እከክ እውነት ነው፣ ለአመታት ለሚያሳክከው ግን መከራው የሚመጣው በዛው ጥፍር ነው። ጥፍሩ ቆዳውን ይልጠዋል፣ የተላጠው ይቆጣል፣ የተቆጣው ከበፊቱ የበለጠ ያሳክካል፣ እንደገና ይታከካል። "አትከክ" ብሎ መቆጣት ምንም አይጠቅምም፣ አንድ ሰው ማስነጠስ ሲመጣበት አታስነጥስ እንደማለት ነው።

ሌሊት የሚብሰው ደሞ ሰውየው ስላሰበበት ብቻ አይደለም። ማታ ቆዳችን ይሞቃል፣ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርደው ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ማታ ላይ ይቀንሳል፣ ቀን ሀሳብ የሚወስድ ስራና ወሬም የለም። ስለዚህ ይነቃል፣ ያካል፣ ይተኛል፣ ይነቃል። እንዲህ እያለ ወራት ያለፈው ሰው ቀን ላይ ይነጫነጫል፣ ስራው ላይ ሀሳቡ አይሰበሰብም፣ የሚጥመው ነገር ይጠፋል። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሰውን ወደ ድባቴ እንደሚገፋ የታወቀ ነው። ድባቴና ጭንቀት ደሞ በተራቸው ወደ ቆዳው ይመለሳሉ፣ ሰው ሲጨነቅ ቆዳ ውስጥ ያሉ ማስት ሴል የሚባሉ ሴሎች ሂስታሚንና ሌሎች የሚያስቆጡ ነገሮችን ይለቃሉ፣ የቆዳው መከላከያ ሽፋንም ቶሎ አይጠገንም። ስለዚህ የቱ ቀደመ እያሉ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፣ ሁለቱም እየተመጋገቡ ነው ያሉት፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ነው።

ይሄ የኔ ግምት እንዳይመስላችሁ። በ13 የአውሮፓ ሀገራት ከ3,600 በላይ የቆዳ ታካሚዎችን የቆዳ ችግር ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አነፃፅሮ በፈረንጅ 2015 የወጣ ጥናት አለ። ድባቴ በታካሚዎቹ ላይ 10.1 በመቶ ሲሆን በሌሎቹ ላይ 4.3 ነበር፣ ጭንቀት 17.2 በ11.1፣ ራስን ስለማጥፋት ማሰብ ደሞ 12.7 በ8.3። እንግዲህ ይሄ ሀኪሙም ቅባቱም ቅርብ በሆነበት ሀገር ነው። ቆዳ ሀኪም ለማየት ሌሊት ተነስቶ መኪና የሚጠብቅ የደላንታ ሰው፣ የቦረና ሰው፣ የአምባሰል ሰው ምን ላይ እንዳለ አስቡት።

ስለ መድኃኒቱም አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ ይሄ የኔ ሙያ ነው። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ለጭንቀት ወይም ለልብ ምት ፕሮፕራኖሎል ቢሰጠው ሶሪያሲሱ ሊባባስበት ይችላል፣ ለከባድ የስሜት መዋዠቅ የሚሰጠው ሊቲየምም እንደዛው። የስነ አእምሮ ክፍሉ እጅጌውን ካልገለጠ ይሄን በምን ያውቃል? በሌላ በኩል ቆዳው በጣም ሲቆጣ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን እንቅልፍ ሊነሳ፣ ሰውን ሊያነጫንጭ፣ አንዳንዱንም ከባድ የስሜት መዋዠቅ ውስጥ ሊከት ይችላል፣ የቆዳ ክፍሉ ስለ መንፈሱ ካልጠየቀ ይሄንንስ በምን ያውቃል? የአለርጂ ኪኒኑም ቢሆን እየወጣ ለሚጠፋው ሽፍታ ጥሩ ነው፣ በችፌ ማሳከክ ላይ ግን ሂስታሚን ዋናው መንስኤ ስላልሆነ ያን ያህል አይሰራም፣ የድሮዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ብቻ ነው የሰሩ የሚመስለን። ያ ሰው ታዲያ "አልሰራልኝም" ብሎ ሁለት ሶስት እያለ ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን በጣም እንድትጠነቀቁልኝ እፈልጋለሁ። ይሄን ደብዳቤ አንብቦ "አየህ፣ ጭንቀት ነው ያልኩህ" የሚል ባለሙያ እንዳይኖር። ሽፍታ ሳይኖር ሰውነት ሲያሳክክ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የታይሮይድ ችግር ሊሆን ይችላል፣ የብረት እጥረትም ሊሆን ይችላል፣ ደም ሳይታይ፣ ሰውነቱ ሳይመረመር ጭንቀት ነው ብሎ መሸኘት ሰውን መበደል ነው። እከክም ከሆነ እከክ ነው፣ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፣ መድኃኒት አለው፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ካልታከመና ልብሱ አንሶላው ካልታጠበ ተመልሶ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም በድርቁ ጊዜ እከክ ክልላችን ውስጥ እንዴት እንደተስፋፋ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ውሃ ሲጠፋ፣ ሰው ሲጨናነቅ የሚመጣ ነው። እከክ ከዳነ በኋላ እንኳን ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ይሄን ማንም ስለማይነግራቸው "አልለቀቀኝም" ብለው መድኃኒቱን ደጋግመው የሚቀቡና ቆዳቸውን የሚያቃጥሉ ሰዎች አሉ፣ ፍርሀቱ ከነፍሳቱ በላይ ይሰራቸዋል። በክብሪት ቀፎ ውስጥ የቆዳ ፍርፋሪ አጠራቅሞ "ትሉ ይሄው" ብሎ የሚያመጣ ሰው ቢገጥማችሁም እባካችሁ አትሳቁበት። ሀኪሞች በየሀገሩ የሚያውቁት ህመም ነው፣ ማሳከኩ ለሱ እውነት ነው፣ መከበርና ሁለቱንም አይነት ሀኪም ማየት ያስፈልገዋል።

ከዛ ደሞ ጦርነቱ አለ። በኛ አቆጣጠር 2014 ላይ ወሎ ላይ የሆነውን ለናንተ መናገር አያስፈልገኝም፣ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ሰው ተፈናቅሎ ተመልሷል፣ ልጁን ያጣ አለ፣ ንብረቱን ያጣ አለ። ከዛ ወዲህ "እኔ ሽፍታ አያውቀኝም ነበር፣ ካለፈው ግርግር በኋላ ነው የጀመረኝ" የሚለኝ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም፣ በተለይ እናቶች። እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ የያንዳንዱን ምክንያት መናገር አልችልም፣ ግን የሀዘን ጥያቄ ሳይጠየቁ ቅባት ብቻ ይዘው መሄዳቸው ልክ እንዳልሆነ መናገር እችላለሁ።

ቀጥሎ ለህዝባችን ነው፣ ያ ጀመዓ ስሙኝ እስቲ። እኛ ወሎዎች እንግዳ ተቀባይ ነን፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ባንድ ማእድ፣ ባንድ እድር፣ ባንድ ለቅሶ የሚገናኝ ህዝብ ነን፣ ይሄን ሀገር ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ እንዴት ነው ቡና ላይ ለአንዷ ጎረቤት ሲኒ የምንለይባት? እጇ ላይ ያለው ችፌ ነው፣ አይጋባም። ሶሪያሲስ አይጋባም። እየወጣ የሚጠፋው የአለርጂ ሽፍታ አይጋባም። በሲኒ አይጋባም፣ በመጨባበጥ አይጋባም፣ ባንድ አልጋ በመተኛትም አይጋባም። የአለም ጤና ጉባኤ በፈረንጅ 2014 ሶሪያሲስ የማይተላለፍ ስር የሰደደ በሽታ ነው ብሎ ውሳኔ ያሳለፈው፣ መገለሉም ሰውን ስለሚጎዳ ጭምር ነው፣ በ2025 ደሞ የቆዳ በሽታዎች በሙሉ የአለም የጤና ትኩረት እንዲሆኑ ተወስኗል። በአለም ደረጃ የተወሰነው እኛ ቡና ላይ መድረስ አለበት።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለቆዳና ለስጋ ደዌ ህክምና ከድሮ ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው፣ ትልቅ ሀብታችን ነው። ግን አንዳንድ ሰው "እዛ ሄደ ከተባልኩ ስጋ ደዌ ነው ይሉኛል" ብሎ ይቀራል፣ በተለይ ለጋብቻ የደረሱ ልጆች ያላቸው ቤተሰቦች። ስጋ ደዌ ራሱ ዛሬ በኪኒን የሚድን በሽታ ነው፣ ህክምናውን የጀመረ ሰው ለማንም አያስተላልፍም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው፣ ግን እንዲደብቅ ያደረግነው እኛው ነን። ስለ ልጅቷ ቆዳ ጠይቆ ሽማግሌ የሚመልስ ቤት ስለዚህ ያስብበት።

ቡዳ በልቶት ነው፣ ድግምት ነው፣ አይነ ጥላ ነው የምትሉትን በእምነታችሁ ልከራከራችሁ አልመጣሁም። ጸበል የሚሄደው ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርገው ያስደርግ፣ ሰው ልቡ ሲያርፍ ቆዳውም የሚያርፍበት ጊዜ እንዳለ ከላይ ባልኩት ምክንያት እኔም አምናለሁ። የምለምነው ቅባቱንና ኪኒኑን እንዳያስጥሉት ነው። ቄሶቻችንና ሼሆቻችን "መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ና" ካሉት ሰዉ ይሰማል፣ ከኔ ከፋርማሲስቷ ይልቅ እነሱን ነው የሚሰማው። በነሱ ላይ ትልቅ ተስፋ አለኝ።

ስለ ቅባት ካነሳሁ አይቀር፣ ፊት ያቀላል እየተባለ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚሄደው ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ነገር በጣም ያሳስበኛል። በጣም ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው፣ በሀኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ወፍራም ቆዳ ላይ ሲደረግ ይፈውሳል፣ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ስር ያወጣል፣ ሲቆም ደሞ ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ከዛ ልጅቷ ከቤት መውጣት ታቆማለች። ይሄ ቆዳ ነው ወይስ መንፈስ? በሌላ በኩል ስቴሮይድ የሚባል ነገር ሁሉ መርዝ ነው ብለው በሀኪም የታዘዘላቸውን የሚጥሉ አሉ፣ ይሄም ልክ አይደለም፣ ልኩን ይዞ የተቀባ ሰው ይሻለዋል።

እቤት ሊደረግ የሚችለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰውነትን በልብስ ሳሙናና በሚያቃጥል ውሃ ከመታጠብ ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥቦ መውጣት፣ በፎጣ ሳይፈትጉ ነካ ነካ አርጎ ቆዳው እርጥብ እያለ ቫዝሊን መቀባት፣ ሽታ የሌለው ተራው ቫዝሊን። በታህሳስና በጥር የደሴ ብርድ ቆዳ ሲሰነጥቅ በቀን ሁለት ሶስቴም ይቀባ። ጥፍር አጭር ይሁን፣ ለሰውነት የሚቀርበው ልብስ ሱፍ ሳይሆን ጥጥ ይሁን። ማሳከኩ ሲመጣ በጥፍር ፋንታ በመዳፍ ጫን ማለት፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ መያዝ፣ ወይም ጭብጥ አርጎ ሰላሳ እስኪቆጥሩ መቆየት፣ ይሄ የመጨረሻው ቀላል ቢመስልም እጅን ሌላ ልምድ የሚያስለምድ የታወቀ ህክምና አካል ነው፣ ወንድሜ በሱ ብዙ ተጠቅሟል።

አሁን ወደ ሃላፊዎቹ ልመለስ፣ ከናንተ የምፈልገውን ቁርጥ አርጌ ልናገር። ህንፃ ስሩልን አላልኩም፣ ነገ ከአዲስ አበባ ስፔሻሊስት አምጡልንም አላልኩም፣ ሀኪም እንደሌለ አውቃለሁ። የቆዳ ታካሚ ካርድ ላይ ሁለት ጥያቄ ይታተምልኝ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለማድረግ ፍላጎት ማጣት አለ ወይ፣ መከፋትና ተስፋ መቁረጥስ አለ ወይ። ይሄ አለም ላይ የሚሰራበት መጠይቅ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ 3 ከሞላ ዘጠኝ ጥያቄ ወዳለው ሰፊው መጠይቅ ይኬዳል፣ ዘጠኙም በአማርኛ ተተርጉሞ ሀገራችን ውስጥ ተፈትሿል። የቆዳ በሽታ ኑሮን ምን ያህል እንደጎዳ የሚለካ አስር ጥያቄ ያለው መጠይቅም እንዲሁ በአማርኛ አለ። ሁለቱን ጥያቄ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ነርሷ ክብደት እየመዘነች ልትጠይቅ ትችላለች። ከዘጠኙ አንዱ ስለ ሞት ሀሳብ የሚጠይቅ ነው፣ "ብጠይቀው ሀሳቡን እሰጠዋለሁ" ብላችሁ እንዳትፈሩ፣ መጠየቅ ሀሳቡን እንደማያመጣ በጥናት የተረጋገጠ ነው፣ እኚያ የወረኢሉ አባት እኮ ስለ እንቅልፍ ብቻ ተጠይቀው ነው የተናገሩት።

ከዛ የተገኘው ሰው በእለቱ ይገናኝ። ለሳምንት ቀጠሮ ሰጥቶ መመለስ ለከተማ ሰው ነው የሚሆነው፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣው ለትራንስፖርት በግ ሸጦ ነው የመጣው፣ ሁለተኛ አይመለስም። አንድ ቀን ተመርጦ፣ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን እንኳን ቢሆን፣ የቆዳው ባለሙያና የስነ አእምሮው ባለሙያ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ አንዱ ለአንዱ ወረቀት ሳይሆን ሰውየውን ይዞ ይሂድ። ጤና ጣቢያ ላይ ኤም ኤች ጋፕ የሚባለውን፣ ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የአእምሮ ጤና ስልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ፣ እነሱ የቆዳ ታካሚን እንዲያዩ ይነገራቸው። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ቤት ለቤት ሲዞሩ "ይሄ ይጋባል፣ ይሄ አይጋባም" የምትለዋን ትምህርት ይጨምሩልን። ቫዝሊን ደሞ መዋቢያ ተብሎ ከጤና መድን ውጪ እንዳይቀር፣ ለችፌ ታካሚ የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው፣ ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ እንዲኖር አርጉ።

ለኛ ለመድኃኒት ቤቶችም ስጡን። ሁለት የማይገናኙ ወረቀቶች ስናይ ወይም እንደዛ አባት ያለ ሰው ሲገጥመን የምንልክበት አንድ ስልክ ቁጥርና አንድ የሪፈር ወረቀት ይኑረን፣ ከደሴ ፒያሳ እስከ ወልዲያ፣ ከከሚሴ እስከ መካነ ሰላም ያሉ መድኃኒት ቤቶች ይሄን ወረቀት ቢይዙ ማንም ሰው በራችን ላይ ቆሞ አይቀርም። ስልጠናው በእረፍት ቀናችን ቢሆንም እንመጣለን፣ ብዙ ባልደረቦቼን አናግሬ እሺ ብለውኛል።

ለጊዜው እኔ ሁለቱን ጥያቄ በትልቁ ፅፌ ባንኮኒው ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ ለማይችል አነብለታለሁ፣ አዎ ያለኝን ደሞ በቅርብ ወዳለ የስነ አእምሮ ክፍል አቅጣጫ አሳየዋለሁ፣ ከዛ በላይ ስልጣን የለኝም። መልሳችሁን በደብዳቤም ሆነ በይፋ ብትናገሩት ደስ ይለኛል፣ በተለይ የካርዱ ላይ ጥያቄ የሚታተም ከሆነ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ንገሩን፣ ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምነግራቸው ቀን እፈልጋለሁ።

የታመማችሁትን አላህ ያሽራችሁ፣ እግዜር ይማራችሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ፋርማሲስት፣ ደሴ